የባሕሩን ዋጋ የሚከፍለው ወጣት የባሕሩን ጉዳይ ይምከርበት

አንድ ውሳኔ ከማን አፍ እንደወጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈና በመጨረሻ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ሳይመረመር ስለ ሕዝብ ተሳትፎ መናገር ነፋስን መጎሰም ነው። ይህ በእርሻ መሬት ጉዳይ እውነት እንደነበረ ሁሉ በባሕርም ጉዳይ እውነት ነው። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ጥያቄ ከቢሮ ወጥቶ በሥራ ቦታ፣ በሻይ ቤትና በለቅሶ ድንኳን ጭምር የሚነሣ ሀገራዊ ጥያቄ ሆኗል። መሆኑም ተገቢ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ሀገር የገቢና የወጪ ንግዷን ከሞላ ጎደል በአንድ ወደብ ላይ ጥላ ነገሩን እንደ ዕጣ ፈንታ ተቀብላ ልትኖር አትችልም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ንግግር መካከል አንድ ጎልቶ የሚታይ ጉድለት አለ። ስለ ወጣቱ ብዙ ይነገራል፤ ወጣቱ ሲናገር ግን አይሰማም። ሰልፍ ሲጠራ ከፊት ይቆማል፤ ውይይት ሲከፈት በኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ውሳኔ ሲተላለፍ ደግሞ ጨርሶ በአዳራሹ ውስጥ የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ክርክር አዲስ ነገር አይደለም። የባሕሩን ዋጋ የሚከፍለው ክፍል የባሕሩን ጉዳይ ሊመክርበት ይገባል የሚል ነው።

ስለ ባሕር ለመነጋገር ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን መነሻ ማድረግ ላንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ድልድዩ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጦር ሚኒስትር በነበሩት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራ፣ ከአራዳ ወደ መርካቶ የሚያሻግር የከተማ ድልድይ ነው። ከባሕር ጠረፍ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ይገኛል። ዳሩ ግን በዚያ ድልድይ ላይ ጠዋት ቆሞ የሚያልፈውን ጭነት የተመለከተ ሰው ባሕሩ በየዕለቱ ሲሻገር ያያል። በጋሪ፣ በአይሱዙ፣ በሰው ጀርባ የሚጓዘው ጨርቅ፣ ጎማ፣ አምፖል፣ የቆርቆሮ ሚስማር፣ የምግብ ዘይት፣ የስልክ ቀፎ አብዛኛው በመርከብ የመጣ ነው። ከ90 በመቶ የሚበልጠው የሀገሪቱ የውጭ ንግድ በጅቡቲ ወደብ በኩል እንደሚያልፍ ይታወቃል። ለመርከቡ የተከፈለው ኪራይ፣ ለወደቡ የተከፈለው የአገልግሎት ዋጋ፣ ዕቃው በወደብ ላይ በቆየበት ቀን ልክ የተቆጠረው መቀጫ፣ ከዚያም የከባድ መኪናው ጭነት፣ ሁሉም ተደምሮ በመጨረሻ የሚወራረደው በአንድ ሳሙና ዋጋ ላይ ነው። ነጋዴው ከኪሱ አይከፍለውም። አስመጪውም አይከፍለውም። የሚከፍለው ሳሙናውን ገዝቶ ቤቱ የሚገባው ሠራተኛ ነው።

እንግዲህ መርካቶ የባሕር ፖሊሲ የመጨረሻ ጣቢያ ናት ማለት ይቻላል። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመረቅ፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ ሲስፋፋ፣ በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የንግድ መርከብ ድርጅት ከየብስ ትራንስፖርቱና ከደረቅ ወደቡ ጋር በ2004 ዓ.ም. በአንድ ድርጅት ሥር ሲዋሐድ፣ እያንዳንዱ ውሳኔ በዚህ ድልድይ ላይ ሸክም በሚሸከመው ወጣት የቀን ገቢ ላይ የራሱን ምልክት ጥሏል። ኮንቴይነሩ ሲዘገይ ተሸካሚው ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሲበዛ ደግሞ ሌሊቱን ሲያራግፍ ያድራል። የወደብ ነገር ሲነሣ «እኔን ምን አገባኝ» የሚል ወጣት ካለ፣ ስንፍናው የእርሱ ብቻ ሳይሆን ይህን ትስስር ቁጭ ብለን ያላስረዳነው የእኛም ነው።

ከዚህ በላይ ግን ሌላ፣ እጅግ የከበደ ሒሳብ አለ።

የኢትዮጵያ ወጣት በሀገር ጉዳይ ድምፅ አሰምቶ ውጤት ያገኘበት ታሪክ የለም ማለት ሐሰት ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲተሙ፣ የዘመኑ ባለሥልጣናት የልጆች ጩኸት አድርገው ቆጥረውት ነበር። ልክ በአሥር ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት አዋጅ ታወጀ። የመሬት ሥሪቱን ጥያቄ ያነሡት ዕድሜያቸው ከሃያዎቹ ያልዘለለ ልጆች ናቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ይህን ገጽ የሚያነብቡት የብዙዎቹ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት የተወለዱበት አዋጅ ነው። የማኅበራቱ የመጀመሪያ ቃለ ጉባዔዎች በወጣት እጅ የተጻፉ፣ የመጀመሪያ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ጣቢያዎቻቸው በወጣት አስተማሪዎች የቆሙ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልረሳውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያ ትውልድ በቀይ ሽብር ተመታ። መናገር የሚያስገድል ሆነ። ስለ ባሕር ጉዳይ ስንነጋገር ደግሞ አንድ የተለየ ገጽ አለ፤ የነዋሪዎች ማኅበር አባል የሆነ ሁሉ ሊመለከተው የሚገባ ገጽ ነው። በ1975 ዓ.ም. ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያለውን ወጣት የሚመለከት የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። የወጣቱ ስም የሚመዘገበው፣ ኮታው የሚሞላው፣ በአፈሳው ሌሊት በር የሚንኳኳው በቀበሌ በኩል ነበር። ማኅበሩ ወጣቱን የሚያውቀው በቁጥር ነበር። ዕድሜውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የእናቱን ስም ያውቃል። ስለ ምጽዋና ስለ አሰብ ምን እንደሚያስብ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀውም። የተላከው ልጅ ባሕሩን ያየው በጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ሆኖ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. በምጽዋ የወደቀው ብዙው ከባሕር የራቀ ደጋ ያሳደገው፣ መዋኘት እንኳ የማያውቅ ልጅ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ። አሠራሩ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አልተለወጠም። በ1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ የቀይ ባሕር ጠረፏን በሙሉ እንደምታጣ ግልጽ ነበር። ጉዳዩ በሰፊው ሕዝብ ፊት ቀርቦ አልተመከረበትም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በመጡበት ወቅት ተቃውሟቸውን ለማሰማት ሰልፍ ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱባቸው፤ ቢያንስ አንድ ተማሪ ሕይወቱ አለፈ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከሥራ ተባረሩ። ተማሪዎቹ ትክክል ነበሩ ወይስ ተሳስተዋል የሚለው ክርክር የታሪክ ተመራማሪዎች ይሁን። ኤርትራውያን የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው የመወሰን መብት ነበራቸው፤ ይህን አንክድም። የምንነጋገርበት ሌላ ነጥብ ነው። አንድ ሀገር ጠረፏን ስታጣ ከሁሉም በላይ ረጅም ዘመን ያለ ጠረፍ የሚኖረው ክፍል ጥያቄ ስላቀረበ በጥይት መልስ ተሰጠው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከፊሉ የዚያው ዕድሜ እኩያ በባድመ፣ በጾረና እና ወደ አሰብ በሚወስደው የቡሬ ግንባር ተሰለፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ። ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀው ነበር፤ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ንግድ ተዘጋ። ሲመክር ያልተጠራው ትውልድ ሲሞት ግን ከፊት ተጠርቷል። በመካሪው እና በከፋዩ መካከል ያለው ቅራኔ በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

ዛሬም በቀይ ባሕር ነገር ላይ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ቀዝቃዛ አይደለም። ከሶማሌላንድ ጋር ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ከሶማሊያ ጋር የተፈጠረው ውጥረት በቱርክ ሸምጋይነት ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንካራ መግለጫ ረገበ። ሰነዶቹን ያነበበ ስንት ወጣት አለ? በየማኅበሩ ስብሰባ ተነበው ምን ማለት እንደሆኑ የተብራራላቸው ወረዳዎችስ? ጦርነትን የሚቀሰቅስ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ የማይዘምት ነው፤ ይህ በሀገራችን ብቻ የታየ አይደለም። ስለዚህም የባሕር በር ጥያቄ በሰላምና በሕግ መንገድ እንዲፈታ ከማንም በላይ ጥቅሙ የሚጠይቀው ሊዘምት የሚችለው ክፍል ነው። እርሱን ከውይይቱ ማራቅ የሰላሙን ትልቅ ጠበቃ ማራቅ ነው።

በሕግ መንገድ ስንል ባዶ ቃል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1982 በጃማይካ ሞንቴጎ ቤይ ለፊርማ ሲቀርብ ኢትዮጵያ ፈርማለች። ያን ጊዜ አሰብና ምጽዋ የነበሯት የባሕር ጠረፍ ባለቤት ነበረች። ፊርማውን ግን አራት አሥርተ ዓመታት ሙሉ በማጽደቅ ሳታጸናው ቆየች። ነገሩ የሚያስገርመው ስምምነቱ ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ እርሷን የሚመለከት በመሆኑ ነው። አሥረኛው ክፍል በሙሉ የተጻፈው ባሕር ስለሌላቸው ሀገሮች ነው። አንቀጽ 125 እነዚህ ሀገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመመለስ መብት፣ በመሸጋገሪያ ሀገሮች በኩልም የመተላለፍ ነፃነት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ ግን ከመሸጋገሪያው ሀገር ጋር በስምምነት የሚወሰን መሆኑን በዚያው ያስቀምጣል። አንቀጽ 127 በመሸጋገር ላይ ባለ ዕቃ ላይ ለተሰጠ አገልግሎት ከሚከፈለው በስተቀር ቀረጥ እንዳይጣል ይከለክላል። አንቀጽ 69 ደግሞ ብዙም የማይታወቅ ነው፤ ባሕር የሌላት ሀገር በአካባቢዋ ባሉ የጠረፍ ሀገሮች የኢኮኖሚ ክልል ውስጥ ከሚተርፈው ዓሣ በፍትሐዊ መንገድ ለመካፈል መብት አላት ይላል። በእርግጥ ይህም በስምምነት የሚፈጸም ነው።

ይህን የሚያውቅ ወጣት «ባሕር» ሲባል የሚያስበው ወደብን ብቻ አይሆንም። ዓሣን፣ የመርከብ ሥራን፣ የመሸጋገሪያ ውልን፣ የቀረጥ ድንጋጌን ያስባል። ጥያቄውም ይለወጣል፤ «መቼ እንወስዳለን» ከሚለው «ምን ምን መብት አለን፣ ለምን አልተጠቀምንበትም» ወደሚለው ይሸጋገራል። የአፍሪካ ኅብረት የ2050 የአፍሪካ የተቀናጀ የባሕር ስትራቴጂ በጥር 2006 ዓ.ም. የጸደቀው በዚህችው በአዲስ አበባ ነው። ከድልድያችን እስከ ኅብረቱ አዳራሽ በእግር የሚኬድ መንገድ ነው። የአኅጉሩ የባሕር አሳብ በከተማችን ሲጸድቅ የከተማችን ወጣት ዜናውን በሬዲዮ የሰማው እንኳ ጥቂቱ ነው።

ባሕሯን ያጣች ሌላ ሀገር ምን ታደርጋለች ለሚል ቦሊቪያን መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1879 በጀመረው ጦርነት የፓስፊክ ጠረፏን ለቺሊ ካጣች ወዲህ በየዓመቱ መጋቢት ወር ላይ የባሕር ቀን ታከብራለች፤ የትምህርት ቤት ልጆች በሰልፍ ያልፋሉ፤ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ የባሕር ኃይል አላት። ጉዳዩን ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አቀረበች፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2018 ቺሊ የመደራደር ግዴታ የለባትም ሲል ወሰነ። በየዓመቱ የሚሰለፉት ልጆች ስሜታቸው እውነተኛ እንደሆነ አንጠራጠርም። ግን መሰለፍና መምከር አንድ አይደሉም። ልጅን ባንዲራ አስይዞ ማሳለፍ ቀላል ነው፤ የድርድሩን ሰነድ አስነብቦ አስተያየቱን መቀበል ግን ሥራ ይጠይቃል። ለኛም ሀገር ወጣት ድግምግሞሹ እንዳይሆን የሚያሠጋን ይኸው ነው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ከዚያው ከፓስፊክ ውቅያኖስ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በቫኑዋቱ በሚገኘው የደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ የሕግ ትምህርት ይከታተሉ የነበሩ 27 ተማሪዎች አንድ አሳብ አነሡ። የባሕር ከፍታ መጨመር ደሴቶቻቸውን እየዋጠ ነው፤ በዓለም ላይ ያሉ መንግሥታት የአየር ንብረትን ስለ መጠበቅ ያለባቸውን ግዴታ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በግልጽ ይንገረን አሉ። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ መርከብም ጦርም አልነበራቸውም። የነበራቸው የሕግ ዕውቀት፣ ድርጅትና ሰሚ መንግሥት ነው። የቫኑዋቱ መንግሥት አሳቡን የራሱ አደረገው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ጥያቄውን ለፍርድ ቤቱ እንዲቀርብ ያለ ተቃውሞ ወሰነ። በዘ ሔግ በታኅሣሥ 2024 በተደረገው ችሎት ከ90 የሚበልጡ ሀገሮች ቃላቸውን ሰጡ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 2025 በአንድ ድምፅ አስተያየቱን ሰጠ፤ መንግሥታት ግዴታ አለባቸው፣ ግዴታቸውን መጣስም ኃላፊነት ያስከትላል አለ። ከመማሪያ ክፍል እስከ ዓለም አቀፍ ችሎት ስድስት ዓመት ወሰደ። «መሬት ለአራሹ» ከወሰደው አሥር ዓመት ያነሰ ነው።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ እ.ኤ.አ. በ2022 በፖርቱጋል በተደረገው የውቅያኖስ ጉባዔ ዋዜማ ባሕሩን ስላበላሸው ትውልዳቸው ወጣቶችን ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታው መልካም ነው፤ ይቅርታ ግን ወንበር አይሆንም። የቫኑዋቱ ልጆች ያገኙት ከይቅርታ የበለጠ ነው። አሳባቸው የመንግሥት አቋም ሆኗል።

አሁን ወደ ድልድያችን እንመለስና ከላይ የሚያልፈውን ትተን ከሥር የሚያልፈውን እንመልከት። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር የሚወርደው ውኃ የአቃቂ ተፋሰስ አካል ነው። ስለ ባሕር ብክለት በሚነገርበት ጊዜ «የአንተ ፌስታል ውቅያኖስ ይገባል» የሚል ስብከት ይሰማል። ለኛ ከተማ ይህ ትክክል አይደለም። የእንጦጦ ሰንሰለት የውኃ መክፈያ ነው፤ በሰሜን በኩል የሚወርደው ወደ ዓባይ ገብቶ ሜድትራኒያን ባሕር ይደርሳል፤ በደቡብ በኩል ወደ ከተማችን የሚወርደው ግን ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ወሰን ላይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ ከድልድዩ ላይ የተጣለው ፌስታልና ሃይላንድ ውቅያኖስ አያረክስም። የሚያረክሰው በአቃቂ ዳር የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ፣ በእምቦጭ የታነቀውን አባ ሳሙኤልን፣ ቆቃን፣ በመጨረሻም ከብቱን ከአዋሽ የሚያጠጣውን አፋር አርብቶ አደር ነው። ቆሻሻችን ከሀገር አይወጣም። ይህ ከውቅያኖሱ ስብከት ይልቅ የሚያስደነግጥ ሐቅ ነው።

የፌስታል ነገር በሕግ ሲነካ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ስስ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። ሱቅ ገብቶ የወጣ ሁሉ ውጤቱን ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ጠንከር ያለ ነው፤ ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ይደነግጋል። በዓለም ደረጃ ደግሞ የፕላስቲክ ብክለትን የሚገታ ስምምነት ለመድረስ እ.ኤ.አ. በ2022 በናይሮቢ የተጀመረው ሂደት በነሐሴ 2025 በጄኔቫ ያለ ስምምነት ተበትኗል። የነዳጅና የፕላስቲክ አምራቾች ጥቅም ከሀገሮቹ ብዛት በለጠ።

በመርካቶ ግን የፕላስቲክ ነገር የጉባዔ ጉዳይ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በድልድዩ ዙሪያ ፌስታል በጅምላ የሚያከፋፍል አለ። ከእርሱ ወስዶ በችርቻሮ የሚያዞር ልጅ አለ። በሌላ በኩል «ቆራሌው!» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው፣ ሃይላንድ ለቅሞ በኪሎ የሚሸጠው፣ በምናለሽ ተራ ቁራጩን ብረትና ፕላስቲክ የሚለየው ወጣት አለ። አዋጁ ለመጀመሪያዎቹ መቀጫ ነው። ለሁለተኞቹ ምንድን ነው? ቆራሌው ለከተማው የሚሠራውን ሥራ የትኛውም መሥሪያ ቤት በነፃ አያገኘውም። ስለ ፕላስቲክ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ የትኛው ፕላስቲክ ገዢ አለው፣ የትኛው የለውም፣ የቱ ከዝናብ በኋላ ወንዝ ውስጥ ይገኛል የሚለውን ያለ ማስታወሻ ይነግርሃል። የከተማው አስተዳደር የወንዞችን ዳርቻ ለማልማት በያዘው ሰፊ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕውቀት ቦታ ሊኖረው ይገባል። የአዋጁ ማስፈጸሚያ በየወረዳው ሲነበብ ፌስታል አዟሪውና ቆራሌው በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አሳባቸውን ቢያሰሙ፣ ከተከለከለው ሥራ ወደሚፈለገው ሥራ የሚያሻግር መንገድ ከራሳቸው ይመነጫል። ካልሰሙ ደግሞ ፌስታሉ ከጠረጴዛ በላይ ሳይሆን ከጠረጴዛ በታች ይሸጣል፤ በ1999 የሆነውም ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ ወጣት ባሕሩን በሌላም መንገድ ያውቀዋል። ለመጻፍ የሚከብድ መንገድ ነው። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከትግራይ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ ተነሥቶ በጅቡቲ በረሃ በኩል ኦቦክ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል። በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ60,000 የሚበልጡ ስደተኞች በዚህ መንገድ የመን ገብተዋል፤ በዚያው ዓመት በመንገዱ ላይ 558 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ በጀልባ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2025 በየመን አብያን ጠረፍ አጠገብ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስለ ባሕር በር በሚደረግ ውይይት ውስጥ እነዚህ ልጆች አይጠቀሱም። የባሕር ፖሊሲ ማለት ግን ለኮንቴይነሩ መንገድ መፈለግ ብቻ ሊሆን አይችልም። ልጅ በሚሰምጥበት ባሕር ላይ ከጎረቤት ሀገሮች ጋር የነፍስ ማዳን ስምምነት መፈራረም፣ ደላላውን በጋራ መከታተል፣ የተረፉትን አስመልሶ አስመስክሮ መስማት፣ ይህም የባሕር ፖሊሲ ነው። ከየመን የተመለሰ ወጣት በየቀበሌው አለ። ከማንኛውም ባለሙያ ይልቅ ባሕሩን ያውቀዋል። በስብሰባ ላይ ግን የሚጠራው ለ«ግንዛቤ ማስጨበጫ» ነው፤ ታሪኩን ነግሮ ያስለቅሳል፤ ቁጭ ይላል። ምን ይደረግ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

በዚያው ባሕር ላይ በክብር የሚኖር ወጣትም እንዳለን መዘንጋት አይገባም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር፣ እንዲሁም በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሚሰለጥኑ የባሕር መሐንዲሶችና የመርከብ ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች በውጭ ሀገር ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ተቀጥረው ዓለምን ይዞራሉ። ጠረፍ የሌላት ሀገር ልጆች በሌላው ዓለም መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ስለ ወደብ ቅልጥፍና፣ ስለ ኮንቴይነር ቆይታ፣ ስለ መርከበኛ መብት ከቢሮ ሰው የተሻለ የሚያውቁ ናቸው። የባሕር ጉዳዮችን የሚመራው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከእነዚህ ልጆች ጋር ተቀምጦ ቢመክር ወጪው አንድ የሆቴል ስብሰባ አያህልም።

አንዳንዶች ሁለት መከራከሪያ ያነሣሉ። አንደኛው፣ ወጣቱ አያውቅም የሚል ነው። ይህ ክርክር በ1957 ዓ.ም. ስለ መሬት ጥያቄም ተነሥቷል፤ ታሪክ ፍርዱን ሰጥቷል። ማንም ሳያውቅ የተወለደ ነው፤ ሰነድ የተነፈገ ደግሞ ዕውቀት ይጎድለዋል ተብሎ ሊከሰስ አይገባም። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው፤ ድርድር ምሥጢር ይፈልጋል የሚል ነው። እውነት ነው። ከጎረቤት ሀገር ጋር የሚደረግ ድርድር ዝርዝሩ በየሻይ ቤቱ ሊበተን አይችልም። ነገር ግን ምሥጢሩ የድርድሩ ስልት እንጂ የሀገሪቱ ዓላማ አይደለም። ዓላማው በአደባባይ ሊመከርበት ይገባል፤ በጦር ሳይሆን በሕግ እንፈታዋለን የሚለው አቋም ከሥር፣ ከወጣቱ አፍ ሲወጣ የተደራዳሪውን እጅ ያጠነክራል እንጂ አያዳክምም። መንግሥት ራሱ የፈረማቸው ሰነዶችም ይህን ይላሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት በውሳኔ አሰጣጥ ላይ የሚሳተፍ ኃይል አድርጎ ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በባንጁል የጸደቀው የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ደግሞ ተሳትፎውን መብት አድርጎታል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 2250 በሰላምና ጸጥታ ጉዳዮች ላይ ወጣቶች በውሳኔ ቦታዎች ውክልናቸው እንዲያድግ ጠይቋል። ወረቀቱ አለ። የጎደለው ወንበሩ ነው።

ወንበሩ ከላይ እስኪመጣ መጠበቅ ግን የማኅበር አባል ልማድ ሊሆን አይገባም። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ባለ ማንኛውም የነዋሪዎች ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር ወይም ዕድር ውስጥ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ የፌስታሉ አዋጅ ይያዝ፤ አንቀጹ ይነበብ፤ የመናገር ቅደም ተከተሉም እንደ ወትሮው ከሽማግሌ ሳይሆን ከወጣት ይጀመር። ከዚያ በሚከተለው ስብሰባ የአንካራ መግለጫና የባሕር ሕጉ አሥረኛ ክፍል በቀላል አማርኛ ተጠቃልሎ ይቅረብ፤ ይህን ለማዘጋጀት በየሰፈሩ የሕግና የምጣኔ ሀብት ተማሪ አይጠፋም። የተነሣው ጥያቄ በጽሑፍ ለወረዳው፣ ከወረዳው ለምክር ቤት ተወካዩ ይተላለፍ፤ መልስ ያልመጣለት ጥያቄ በሦስተኛው ወር ተመልሶ ይነበብ።

ቃለ ጉባዔ ያዡም አንድ ነገር ይጨምር። ከተናጋሪው ስም አጠገብ ዕድሜው ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ሲገለጥ ከ30 ዓመት በታች የሆነ ስንት ሰው እንደተናገረ፣ ስንቱ ደግሞ በተሰብሳቢ ቁጥር ውስጥ ብቻ እንደተቆጠረ ይታያል። በ1975 ዓ.ም. የወጣቱን ዕድሜ በጥንቃቄ መመዝገብ ችለን ነበር።